ግድግዳው ላይ የሌለችው ልጅ

መካነ ሰላም ከተማ፣ አክስቴ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሒሳብ ከሚከፈልበት ጠረጴዛ በላይ አራት ነገሮች ተሰቅለዋል። አንደኛው ንግድ ፈቃድ ነው፤ በመስታወት ገብቶ፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ሁለተኛው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯ የተጻፈበት ወረቀት ነው። ሦስተኛው የእመቤታችን ሥዕል፣ አራተኛው የአክስቴ የሠርግ ፎቶ። ሥዕሉንና ፎቶውን የሰቀለቻቸው ወዳ ነው። ፈቃዱን ግን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲሰቀል ሕግ ስለሚያዝ ነው። ከንግድ ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው በሩን አልፎ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ የሚሄደው ወደዚያ ግድግዳ ነው።

እዚያ ቤት ሁለት ዓመት የሠራች አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን አልጠራም። የመጣችው ወደ ዓባይ ከሚወርደው ቆላ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ አክስቴ ጓዳ እንጀራ ትጋግራለች፤ ጠዋት ምግብ ቤቱን ትጠርጋለች፤ ከዚያ እስከ ማታ ታስተናግዳለች። የምትተኛው እዚያው ጓዳ ነው። ደሞዟ በወር 600 ብር፣ ምግቧ ከቤት። አክስቴን «እትዬ» ትላታለች፣ አክስቴም «ልጄ» ትላታለች። ሁለቱም ሲሉት ከልባቸው ነበር።

ኅዳር 2012 ላይ ሆዷ ገፍቶ መታየት ሲጀምር አክስቴ አሰናበተቻት። ሳትጨቃጨቅ የወሩን ደሞዝ ሞልታ ሰጠቻት። 300 ብር ጨመረችላት፣ አንድ ነጠላ ደረበችላት፣ «ማርያም ትቅረብሽ» ብላ መርቃ ሸኘቻት።

እኔ ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። ለገና ስመጣ ሌላ ልጅ ታስተናግዳለች። «ያቺስ?» አልኩ። «አርግዛ አገሯ ገባች፣ ምን ላድርግ ብለህ ነው» አለችኝ አክስቴ፣ ሽንኩርቷን እየላጠች። ምንም አላልኩም። ስልኬ ውስጥ ግን በ2011 መጨረሻ የወጣው አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በቴሌግራም ደርሶኝ ተቀምጦ ነበር። ማታ ከፍቼ አነበብኩት። ነፍሰ ጡርን ከሥራ ማሰናበት ክልክል ነው፤ ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ እንዲሁ። ከወሊድ በፊት 30 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ዕረፍት ከሙሉ ደሞዝ ጋር ይገባታል። ያለ አግባብ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመጠየቅ ሦስት ወር አለው። ያልተከፈለ ደሞዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለመጠየቅ ደግሞ ስድስት ወር። ክርክሩ የዳኝነት ክፍያ እንኳ አይጠየቅበትም።

ሲሰናበቱ ኅዳር፣ ሳነብ ታኅሣሥ መጨረሻ። ጊዜ ነበር። የልጅቷን ቀበሌ አውቀዋለሁ፤ መልእክት ቢላክ በሁለት ገበያ ይደርሳል። አልላክሁም። የትምህርት ቤት ወጪዬን የምትሸፍነው አክስቴ ነበረች። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ፣ ሁሉም ነገር ተዘጋጋ፣ እኔም ሰበብ አገኘሁ። ግንቦት ላይ ስድስት ወሩ ሞላ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አክስቴን ለመክሰስ አይደለም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የከነከነኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ያ ግድግዳ አክስቴን እንዲህ አጥርቶ ሲያውቃት፣ ልጅቷን ለምንድነው የማያውቃት? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ስሄድ ነገሩ ከእኛ ቤት በጣም የሰፋ፣ ከእኛም ዕድሜ የረዘመ ሆኖ አገኘሁት።

ከአዋጅ በፊት

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚመጣ ሰው ደጋውን ሙሉ የሚያየው ማሳ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ዝቅ ሲል ጤፍ። ከከተማው ወደ ምዕራብ ሲገፉ መሬቱ ይሰነጠቅና ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ማዶ ጎጃም ነው። እዚህ አገር ሥራ ማለት ለረጅም ዘመን እርሻ ነበር። እርሻ ደግሞ ለብቻ አይሆንም።

ስለዚህ ሰው ጉልበቱን የሚያገናኝበት ብዙ ስም አለው። ወንፈል አለ፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ደቦ አለ፤ ጠላና እንጀራ ቀርቦ ጎረቤት ይወጣል። መቀናጆ አለ፤ አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ይጣመራል። የእኩል አለ፤ መሬት የአንዱ፣ ጉልበት የሌላው፣ ምርቱ ለሁለት። እነዚህ ሁሉ ሁለት እኩዮች የሚዋዋሉባቸው ናቸው።

ከእነዚህ በታች ደግሞ እኩያ ያልሆነው አለ። ሎሌ፣ እረኛ፣ ገረድ። አያቴ በልጅነታቸው ያዩትን ሲነግሩኝ፣ እረኛ የሚቀጠረው ለዓመት ነው ይሉኝ ነበር። ደሞዙ እህልና ልብስ ነው፤ ውሉ ቃል ነው፤ ምስክሩ ሽማግሌ ነው። ዓመቱ ሳይሞላ ቢታመም ምን ይሆናል? ስላቸው፣ «እንደ ጌታው ሆድ ነዋ» አሉኝ።

ከዚህም በታች ባርነት ነበር። በሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በነሐሴ 1934 በወጣ አዋጅ ነው። ያ አዋጅ ሰው ሰውን ሊገዛው እንደማይችል ተናገረ። ነፃ የወጣው ሰው ነገ ጠዋት በምን ዓይነት ውል ተቀጥሮ እንደሚበላ የሚመልሰው ሕግ ግን ገና አልተጻፈም ነበር።

ያ የተሞከረው በ1952 ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት ወጡ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉና የንግድ ሕጉ። የንግድ ሕጉ ነጋዴ ማን እንደሆነ፣ መዝገብ እንዴት እንደሚይዝ፣ ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም በዝርዝር ጻፈ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ የሥራ ውልን አስገባ። ከአሠሪው ጋር እየኖረ ለሚያገለግል ሰውም አንቀጽ አለው፦ መኝታውን፣ ምግቡን፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜውን በተመለከተ አሠሪው የሠራተኛውን ጤናና ሥነ ምግባር ለመጠበቅ ተገቢውን ሁሉ ያድርግ ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነው። «ተገቢው» ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደሆነ ግን አይልም። የአያቴን መልስ በሌላ ቋንቋ የጻፈው ይመስለኛል፤ እንደ ጌታው ሆድ።

ጠንከር ያለው ሕግ የመጣው በ1956 ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210። የሠራተኛ ማኅበርን፣ የኅብረት ድርድርን፣ የሥራ ክርክርን ሕጋዊ አደረገ። የአገሪቱ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በዚያው ሰሞን ተቋቋመ። አዋጁ በዓይነ ኅሊናው ይዞ የጻፈው ሰው የፋብሪካ ሠራተኛን ነው፤ ወንጂን፣ አቃቂን፣ ባቡር ጣቢያን። በሰው ቤት የሚያገለግለውን በግልጽ ከውጭ አስቀመጠው። ቦረና ደግሞ ያኔ ፋብሪካ አልነበራትም። ለደሴ ቅርብ የሆነው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንኳ የመጣው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እና አዋጁ ወጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ነገር ቀየረ፣ የአያቴ እረኛ ግን አልሰማም።

መቅጠር ክልክል የሆነበት ዘመን

የገጠሩን ቅጥር ፊት ለፊት ያየው የመጀመሪያው ትልቅ ሕግ፣ ያየው ሊከለክለው ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 31/1967፣ ስለ መሬት ላራሹ ነው የሚታወሰው። ጭሰኝነትን ሻረ፤ መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ፣ በላይ እንዳይዝ ወሰነ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ሌላ ድንጋጌ አለው፦ ማንም ሰው የደረሰውን መሬት በተቀጣሪ ጉልበት ማሳረስ አይችልም። የተፈቀደላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት፣ በዕድሜ ወይም በሕመም መሥራት ያልቻለ ሰው፣ ወላጅ የሞተበት ልጅ።

አስቡት እስቲ። ለዘመናት ሎሌ የነበረ ሰው መሬት ይሰጠዋል፤ ሎሌ የነበረው ሰው ደግሞ ሎሌ መቅጠር አይችልም። በወሎ ረሃብ ማግሥት የመጣ ሕግ ነው፤ የሚወለደው ተስፋ ቀላል አልነበረም። አያቴም ይህን ቀን ሲያነሱ ፊታቸው ይበራል።

ግን መከር ሲደርስ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ከብት እረኛ ይፈልጋል። አያቴ እንደነገሩኝ ቅጥሩ አልጠፋም፤ ስሙ ነው የጠፋው። እረኛው «የእህቴ ልጅ» ተባለ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ያውቃል። የእህት ልጅ ደሞዝ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ለማን አቤት ይላል? ሕጉ ሊያድነው የፈለገው ልጅ የሕጉ ዓይን ከማይደርስበት ጓዳ ገባ። «ልጄ» እና «እትዬ» የሚለው የእኛ ቤት ቋንቋ ዘሩ ከዚህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

በከተማውስ? ታኅሣሥ 1968 ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴውን በገመድ ለካው። ለችርቻሮ ከ200 ሺህ ብር፣ ለጅምላ ከ300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ ከ500 ሺህ ብር በላይ ካፒታል አይፈቀድም። አንድ ሰው፣ አንድ ፈቃድ። ኅዳር 1968 ላይ ደግሞ አዲስ የሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 64፣ ወጥቶ ነበር። ልብ በሉ፦ በአንድ ክረምትና በጋ ውስጥ መሬቱ፣ ንግዱና ሥራው ሦስቱም ሕጋቸው ተቀየረ። መካነ ሰላም ላይ ሱቅ ያለው ሰው 200 ሺህ ብር በሕልሙም አይቶ አያውቅም፤ የካፒታል ጣሪያው አልነካውም። የነካው ፈቃዱ ነው፤ ማን ምን እንደሚሸጥ መዝገብ ተያዘ። መንግሥት ነጋዴውን መቁጠር ለመደ።

በ1982፣ ጦርነቱ እየገፋ ሲመጣ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። የካፒታል ጣሪያው ተነሳ፤ ገበሬም ሰው ቀጥሮ ማሠራት ተፈቀደለት። የእህት ልጅ የተባለው እረኛ በሕግ እንደገና ተቀጣሪ መሆን ቻለ። ማንም ግን መጥቶ ስሙን አልመለሰለትም።

በአንድ በር ለሁለት የተከፈለች

አሁን ያለንበት የሕግ ቤተሰብ የተወለደው በጥር 1985 ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42/1985። ከዚያ 377/1996 ተተካ። ከዚያ 1156/2011 መጣ፤ ያ ስልኬ ላይ የነበረው።

በ2011 የተቀየረውን ብዘረዝር ለማንኛውም ተቀጣሪ የሚጠቅም ነው። የሙከራ ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን አደገ፤ ይህ ለአሠሪው። የዓመት ዕረፍት ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን አደገ፤ ይህ ለሠራተኛው። የወሊድ ዕረፍት ከ90 ወደ 120 ቀን፤ ለአባትም ሦስት ቀን። ለሥራ የሚደርሱበት ዝቅተኛ ዕድሜ ከ14 ወደ 15። የቀን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከአንድ ከሩብ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ። በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳ በስሙ ተጠርቶ ተከለከለ። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው የቆየው ወሰን ባለበት ጸና።

አክስቴ ቤት ያለችው ልጅ በዚህ ሕግ ሠራተኛ ናት ወይስ አይደለችም? መልሱ እንደ ቆመችበት ቦታ ነው። ሦስቱም አዋጆች፣ ከ1985 ጀምሮ፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን፣ ማለትም በሰው ቤት የሚሠራውን ሥራ፣ ከሽፋናቸው አውጥተው ለብቻው ደንብ እንደሚወጣለት ይናገራሉ። ደንቡን የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ ደንቡ አልወጣም።

እና ልጅቷ ሌሊት 11 ሰዓት ጓዳ ውስጥ ለቤተሰቡ ስትጋግር ሕጉ አያውቃትም። ጠዋት ሁለት ሰዓት በሩን አልፋ ለደንበኛ ሽሮ ስታቀርብ ያውቃታል። እጇ ላይ ያለው እንጀራ ያው ነው፤ ሊጡን ያቦካችው ያው እጅ ነው። በሩ ግን ለሁለት ይከፍላታል። ከ16 ሰዓት ሥራዋ የትኛው «የቤት»፣ የትኛው «የድርጅት» እንደሆነ ዳኛ ፊት ልታስረዳ ብትቆም ማስረጃዋ ምንድነው?

ሕጉ ለዚህም አስቦ ነበር። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም ይላል፤ በቃል ከሆነ ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነጥቦች ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው ይስጥ ይላል። ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በአክስቴ ቤት በ17 ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለፈ ቆጥሬ አላውቅም፤ ያ ወረቀት ግን አንድም ቀን ተጽፎ አያውቅም። ጠያቂም መጥቶ አያውቅም።

ለምን? ሰው ስለከፋ አይደለም። እዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱን ማየት ይጠቅማል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሠራተኛን መብት ሲጽፍ የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞችን ብቻ ሳይሆን ገበሬዎችን፣ የእርሻ ሠራተኞችንና ሌሎች የገጠር ሠራተኞችንም በስማቸው ይጠራል። የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ ደሞዝ ያለው ፈቃድ፤ ሁሉም ተጽፏል። ነገር ግን የሠራተኛ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በአንቀጽ 55 ለፌዴራሉ ምክር ቤት ነው የተሰጠው። የግለሰብ ነጋዴን ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን ደግሞ በአንቀጽ 97 የክልሉ ነው።

ከአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወንበር ሆናችሁ ተመልከቱት። የአክስቴ ግብር ተሰብስቦ የክልሉ ገንዘብ ይሆናል፤ የመምህሩ ደሞዝ፣ የጤና ጣቢያው ወጪ የሚሸፈንበት። የልጅቷ 15 ቀን ወረቀት ግን የማንንም ካዝና አይሞላም። እንዲያውም ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፣ ተቆጣጣሪው አበል ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል። ስለዚህ ገቢዎች በየሰፈሩ ይዞራል፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ግን እኛ ምግብ ቤት ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። ግድግዳው አክስቴን የሚያውቃት ስለምትከፍል ነው።

ልጅቷ ግብር ብትከፍል ኖሮ እንኳ በሆነ መዝገብ ላይ ትገኝ ነበር። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከወር ደሞዝ ግብር የሚጀምረው ከ601 ብር ነው። ደሞዟ 600 ነበር። በአንድ ብር ተሠወረች።

የአክስቴ ሒሳብ

ፍትሐዊ ለመሆን የአክስቴንም ወረቀት ላንብብ። ያሰናበተቻት ልጅ ዕረፍቷን ብትወስድ ኖሮ አክስቴ ቢያንስ የአራት ወር ደሞዝ፣ 2,400 ብር፣ ከኪሷ ትከፍላለች። በዚያ ላይ የምትተካውን ልጅ ትቀጥራለች። ይህ ገንዘብ ለትልቅ ሆቴል ምንም አይደለም። ስድስት ጠረጴዛ ላላት ሴት ግን የአንድ ኩንታል ጤፍ ጥያቄ ነው።

ሕጋችን የወሊድ ዕረፍትን ሙሉ ወጪ የሚጭነው በዚያች አንዲት አሠሪ ላይ ነው። ውጤቱ በመካነ ሰላም ብቻ ሳይሆን በብዙ አገር ታይቷል፤ ትንሽ አሠሪ ሆድ ሲያይ ይደነግጣል። ለዚህ ነው የዓለም ሥራ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት፣ ቁጥር 183፣ ክፍያው ከማኅበራዊ መድን ወይም ከሕዝብ ገንዘብ ይምጣ፤ አሠሪው በግሉ ብቻውን አይሸከመው ያለው። ሩዋንዳ በ2016 እ.ኤ.አ. ይህን በሕግ አደረገችው። አሠሪና ሠራተኛ ከደሞዙ ከመቶ 0.3፣ 0.3 ያዋጣሉ፤ ሕጉ ሲወጣ ከ12ቱ ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ስድስት አሠሪው፣ የቀሩትን ስድስት ፈንዱ ይከፍል ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? ወንፈልም እድርም ሌላ ምንድናቸው? ሁሉም ጥቂት ያዋጣል፤ የደረሰበት ይወስዳል። በአዋጅ ደረጃም ጀምረነዋል። በ2003 የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ፣ ቁጥር 715፣ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ማዋጣትን አስለምዷል። ለእርጅና ማዋጣት ከተቻለ ለልደት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የአክስቴ ሕግ ግን በሌላ በኩል እየተቀየረ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ግጭት አለ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፤ መንገድ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መንገድ ሲዘጋ ዘይት ይጠፋል፣ ዘይት ሲጠፋ ምግብ ቤት ይዘጋል። በዚህ መሀል በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 1395፣ መጣ። ደረጃ ሐ የሚባለው፣ አክስቴ «ቁርጥ» እያለች ዕድሜዋን የከፈለችበት፣ ቀረ። ግብር ከፋይ ከአሁን ሁለት ደረጃ ብቻ ነው፤ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ የሚሸጥና ከዚያ በታች ያለ። በዚሁ አዋጅ ከደሞዝ ግብር ነፃ የሆነው ወሰን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ለተቀጣሪ መልካም ዜና ነው። ግን ልብ በሉ፦ ሕጉ ስለ አስተናጋጇ ደሞዝ ከሁሉ አስቀድሞ ያወራው ከየት ጀምሮ ግብር እንደሚቆረጥበት ነው። ከስንት በታች ሊከፈላት እንደማይችል እስካሁን አልተናገረም። 1156/2011 ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየሜይ ዴዩ የሚያነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።

የምትበረው

ልጅቷ ከወለደች ከዓመት በኋላ ልጇን ለእናቷ ትታ ወደ ሳውዲ እንደሄደች ሰማሁ። ለወሎ ሰው ይህ ዜና አይደለም። በ2006 ሳውዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከየአውቶቡሱ የሚወርዱትን ያየ የእኛ አገር ሰው ዘመድ ፈልጎበታል።

ያኔ መንግሥት ወደ ዓረብ አገር የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ። ከዚያ በ2008 አዲስ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923፣ አወጣ። ከተቀባይ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ሊኖር ይገባል፤ ኤጀንሲው ዋስትና ያስይዛል፤ የሥራ ውል ተጽፎ ይጸድቃል። በ2013 ተሻሽሏል። በተግባር ስንቱ እንደሚጠበቅ ከሄዱት ጠይቁ። በወረቀት ግን ይህ ይገርማል፦ አንዲት የቦረና ልጅ ጅዳ ሄዳ የሰው ቤት ብትጠርግ አገሯ ውሏን በጽሑፍ ማየት ይፈልጋል። ደሴ ሄዳ ያንኑ ሥራ ብትሠራ አገሯ ደንቡን ገና እያሰበበት ነው። የምትበረውን ያያታል፤ የምትቀመጠውን አያያትም። የምትበረው ደግሞ ገንዘብ የምትልከው ናት።

አንድ ገጽ

ባለፈው ዓመት፣ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ፣ ወደ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ከተማው ተቀይሯል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ከመጣ ወዲህ ሻይ ቤቱም፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም፣ የሚከራየው ክፍልም በዝቷል፤ በየቤቱ አንድ አንድ ልጅ ታስተናግዳለች። አክስቴ ጋ አዲስ ልጅ ነበረች። 18 ዓመቷ ነው። መጥታ አሥር ቀን ሆኗታል።

ማታ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ አክስቴን አስቀምጬ የዚያችን ልጅ ነገር፣ የ2012ቱን፣ አነሳሁባት። ሕጉን እንዳነበብኩና ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለች በመጨረሻ። የጠበቅሁት መልስ አልነበረም።

ከደብተር አንድ ገጽ ቀድጄ ጻፍኩ። የልጅቷ ስም፣ የአክስቴ ስም፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ደሞዙ ስንት፣ የተቀጠረችበት ቀን። ስለ ሰዓቱ ተከራከርን። አክስቴ «እኔም እኮ እሷ ስትነሳ እነሳለሁ» አለች፤ እውነቷን ነው። ጓዳው ውስጥ ያለውን ሥራ ጭምር ቆጥረን ጻፍነው፤ ሕጉ ባይቆጥረውም።

«ወረቀት ከያዘች ነገ ትከሰኛለች» አለች።

«አዎ፣ ትችላለች» አልኳት።

ፈረመች። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ሁለቴ አነበበችው፤ ከዚያ አጥፋ አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፣ ብር እንደሚቋጠር። ሁለተኛውን ቅጂ አክስቴ መሳቢያ ውስጥ ከደረሰኞቹ ጋር ከተተችው። ግድግዳው ላይ ትስቀለው ብዬ አልጠየቅኋትም። ማንም መጥቶ አይጠይቃትማ።

ለዚያችኛዋ ልጅ ግን ስድስት ወሩ ካለፈ ዓመታት ሆነው። የአራት ወር ደሞዟን፣ 2,400 ብር፣ ሕግ ከእንግዲህ አያስከፍልልኝም። ልኬላት ይሆን ወይ ብላችሁ የምትጠይቁ ካላችሁ፣ እናቷ ያለችበትን ቀበሌ ዛሬም አውቀዋለሁ።